ለከበሮ የበጀ ፀሐይ ጊታሩን ለምን ሰነጠቀው?

ባለፈው የካቲት ወር በሙዚቃ ክፍላችን የደረሰውን ነገር ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ላልሰሙት ባጭሩ እነሆ። አንድ የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ ጓደኛችን በመለማመጃው ትምህርት ቤት ለሦስተኛ ክፍል ሕፃናት መዝሙር ሊያስተምር ተራው ደርሶት ነበር። ጠዋት ከበሮውን መታ መታ ሲያደርገው ድምፁ ረገበበት። እንደ አገራችን ወግ ከበሮውን አውጥቶ በረንዳው ላይ ፀሐይ አሞቀው። ጊታሩም ከወራት በፊት ጀምሮ በመስኮቱ አጠገብ ተሰቅሎ ከርሞ ድምፁ ተበላሽቶ ስለነበር፣ «ይኸም ትንሽ ይሙቀው» ብሎ ከጎኑ አጋደመው። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ከበሮው እንደ ነጋሪት ያስተጋባል። ጊታሩ ግን ክሮቹ ከታሰሩበት እንጨት ጀምሮ ወደ ታች አንድ ስንዝር ያህል ተሰንጥቆ ተገኘ።

ትምህርቱ በከበሮና በጭብጨባ ተሰጠ። ሕፃናቱ ግን «ጊታሩስ?» እያሉ መጠየቃቸው አልቀረም። ለሁላችንም ያለን አንድ ጊታር ነውና ጥያቄው የሁላችንም ጥያቄ ነው።

ጓደኛችንን መውቀስ ትክክል አይመስለኝም። እሱ ያደረገው ከአባቶቹ ያየውን ነው። የጎደለው ፀሐይ ለከበሮ ለምን እንደሚበጅና ለጊታር ለምን እንደማይበጅ የሚነግረው ሰው ነበር። ይህ ጽሑፍም ይህንኑ ለማስረዳት ይሞክራል።

ሐይቁ አጠገባችን እያለ ደረቅ አየር ከየት መጣ?

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ይኸው ነው። ባሕር ዳር ጣና ዳር ነች፤ ታዲያ አየሯ እንዴት ይደርቃል? እውነት ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ አየሩ እርጥብ ነው። የክፍሉ በር አብጦ አልዘጋ ይላል፣ ጫማችን ይሻግታል። ከጥቅምት በኋላ ግን ዝናቡ ይቆማል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ ይጨምራል። ያ ነሐሴ ላይ አልዘጋ ያለው በር መጋቢት ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያበጃል። በሩን ያየ ሰው ጊታሩን አየ ማለት ነው።

ምሥጢሩ ያለው በሙቀቱ ውስጥ ነው። አየር በሞቀ ቁጥር የውሃ ተን የመያዝ አቅሙ ያድጋል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢበዛ 13 ግራም ያህል ተን ይይዛል። በ30 ዲግሪ ግን 30 ግራም ያህል መያዝ ይችላል። እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። ጎህ ሲቀድ ክፍላችን 15 ዲግሪ ነው እንበል፤ አየሩም ሊይዝ ከሚችለው ተን 80 በመቶውን ይዟል። ይህ 10 ግራም ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ግሎ ክፍሉ 30 ዲግሪ ሲደርስ ያው 10 ግራም እዚያው አለ፤ የትም አልሄደም። ነገር ግን አሁን አየሩ 30 ግራም መያዝ ይችላል። ስለዚህ 80 በመቶ የነበረው እርጥበት ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ ማለት ነው። የጠማው አየር ደግሞ ውሃ ካገኘበት ሁሉ ይጠጣል፤ ከከንፈራችን፣ ከእንጀራው፣ ከጊታሩም።

እንግዲህ ሐይቁ በመንገድ ማዶ ቢሆንም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚፈጠረውን ድርቀት አያስቀርልንም። በብርድ አገሮችም ነገሩ ያው ነው። በክረምታቸው ከውጭ የገባውን ቀዝቃዛ አየር በምድጃ ሲያሞቁት ቤቱ ይደርቃል፣ ጊታሮቻቸውም ይሰነጠቃሉ። እነሱ ዘንድ ምድጃው የሚያደርገውን እኛ ዘንድ ቆርቆሮው ያደርገዋል።

ሕጉ አንድ፣ ውጤቱ ሁለት

እንጨትም ሆነ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል። በዚህ ረገድ ከበሮና ጊታር አይለያዩም። የሚለያዩት በአሠራራቸው ነው።

የከበሮ ቆዳ ዙሪያውን በጠፍር ተወጥሮ የታሰረ ነው። ክረምት ላይ እርጥበት ሲጠጣ ይረግባል፣ ድምፁም ይሞታል። ፀሐይ ወይም የእሳት ወላፈን ሲያገኘው ይኮማተርና ይወጠራል። መወጠሩ ደግሞ የሚፈለግ ነገር ነው። ክራርና መሰንቆም ፊታቸው ቆዳ ስለሆነ ከዚሁ ወገን ናቸው። (ይህ ማለት ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይዋሉ ማለት አይደለም። ከልክ ያለፈ ውጥረት ቆዳውንም ይቀደዋል፣ የክራሩንም እንጨት ያጎብጠዋል።)

የጊታር ፊት ግን እንጨት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስፕሩስ ወይም ሴዳር ከሚባል ቀላል የፈረንጅ እንጨት ይሠራል፤ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚኮማተረው በጎኑ ነው፣ ማለትም ከቃጫው ተሻጋሪ በሆነው አቅጣጫ። 37 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያለው የጊታር ፊት የአየሩ እርጥበት ከ60 ወደ 35 በመቶ ወርዶ እዚያው ቢሰነብት ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል መጥበብ ይፈልጋል።

«ሁለት ሚሊ ሜትር ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ እንዲጠብ የሚፈቅድለት አለመኖሩ ነው። ከፊቱ ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ ቃጫቸው ተሻግሮ የሚሄድ ቀጫጭን የእንጨት ድጋፎች በማጣበቂያ ተያይዘዋል። እነዚህ ድጋፎች በቁመታቸው አይኮማተሩምና ፊቱን «ባለህበት ቁም» ይሉታል። ዳርና ዳሩም ከጎኑ እንጨት ጋር ተጣብቋል። ከላይ ደግሞ ክሮቹ ይስባሉ። የናይለን ክር የሆነ እንደሆነ ስድስቱ ተደምረው 40 ኪሎ ያህል፣ የብረት ክር ከሆነ 70 ኪሎ ያህል ጉልበት አላቸው። መጥበብ የፈለገና መጥበብ የተከለከለ እንጨት አንድ ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፤ በቃጫው መካከል መሰንጠቅ።

በዚህ ላይ ቀጥተኛ ፀሐይ ሲጨመር ሁለተኛ አደጋ ይመጣል። ጊታር የሚያያዝባቸው ማጣበቂያዎች ብዙዎቹ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራሉ። ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት እዚህ ደረጃ ይደርሳል። ያን ጊዜ ክሮቹ የታሰሩበት እንጨት ከፊቱ ላይ መነሳት ይጀምራል፣ አንገቱም ይጎብጣል።

ከመሰንጠቁ በፊት ይናገራል

ጊታር ሳይናገር አይሰነጠቅም፤ ሰሚ አጥቶ እንጂ። አንደኛው ምልክት በአንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት ዘንጎች ናቸው። አንገቱ ሲደርቅ ስለሚጠብ ብረቶቹ በጎን ይወጣሉ። እጃችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ስታንሸራትቱ የሚቧጥጥ ነገር ከተሰማችሁ ጊታሩ ጠምቶታል። ሁለተኛው፣ ፊቱ ወደ ውስጥ ስለሚሰምጥ ክሮቹ ዝቅ ይሉና ሲመቱ ዝዝዝ እያሉ ብረቱን ይነካሉ። በየካቲት የሰማነው የተበላሸ ድምፅ ይኸው ነበር። የአየሩ ድርቀት ያመጣውን ጓደኛችን የእርጥበት መስሎት መድኃኒቱን ገልብጦ ሰጠው። ክረምት ላይ በተቃራኒው ፊቱ ያብጣል፣ ክሮቹ ከፍ ይላሉ፣ ድምፁም ይታፈናል።

የአየሩን ሁኔታ በቁጥር ለማወቅ የሚፈልግ ከሳይንስ ክፍል ሁለት ቴርሞሜትር ይዋስ። የአንዱን ጫፍ በረጠበ ጥጥ ይሸፍን፤ ሁለቱንም አየር በሚገባበት ጥላ ሥር ጎን ለጎን ይስቀል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለቱን ያንብብ። ክፍሉ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሞቅበት ጊዜ ልዩነታቸው 7 ወይም 8 ዲግሪ ከሆነ እርጥበቱ 50 በመቶ አካባቢ ነው፤ ለጊታር ተስማሚው ይኸው ነው። ልዩነቱ 11 ዲግሪ ካለፈ ግን ደረቅ ነውና ጥንቃቄ ይጀመር። ይህ ለሳይንስ ትምህርትም ጥሩ መርጃ ይሆናል።

የጊታር መሶብ

እንጀራ ውጭ ላይ ሲረሳ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ጠርዙ ይነሳል፣ ከዚያ ይሰባበራል። እናቶቻችን ግን እንጀራን በመሶብ አድርገው ይከድኑታል፤ በጣናና በዘጌ ገዳማት ያሉ አባቶችም የብራና መጻሕፍትን በማህደር ይከታሉ። መሶብም ማህደርም የሚሠሩት በአንድ ሐሳብ ነው፤ ትንሽ አየር ከልሎ ከትልቁ አየር መለየት። ጊታርም መሶብ ያስፈልገዋል።

ጠንካራ ሳጥን ካለ ከሁሉ ይሻላል። ከሌለ ጊታሩን በጨርቅ ቦርሳው ወይም በጋቢ ጠቅልሎ ጠባብ ቁም ሣጥን ውስጥ ማቆም ይቻላል። ቁም ሣጥኑ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሚመታው የምዕራብ ግድግዳ ይራቅ። ከቁም ሣጥን በላይ፣ ቆርቆሮው ሥር ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ትኩስ አየር የሚከማቸው እዚያ ነው።

በደረቁ ወራት በሳጥኑ ወይም በቁም ሣጥኑ ውስጥ ትንሽ እርጥበት እንጨምር። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ ወስዶ ክዳኑን በትኩስ መርፌ መብሳት፣ ውስጡ ስፖንጅ ማድረግ ነው። ስፖንጁ በንጹሕ ውሃ ይነከርና ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ይጨመቅ። ከእንጨቱ ጋር እንዳይነካካ ከአንገቱ ሥር ይቀመጥ፤ በየሦስት ቀኑም ይታይ። ሰኔ ሲገባ ስፖንጁ ይውጣ፤ በክረምት የሚያሰጋው ሻጋታ ነው።

ቅቤ ወይም ዘይት መቀባት ለጠፍር እንጂ ለጊታር ፊት መድኃኒት አይደለም። በእርጥብ ጨርቅ ማሸትም እንዲሁ። እንጨቱ የሚፈልገው ከአየሩ ቀስ ብሎ የሚያገኘውን እርጥበት ነው።

ከዚህ ስትወጡ

ከእናንተ መካከል ተመርቆ ወደ መተማ ቆላ የሚመደብ አለ፤ ወደ ደባርቅ ብርድ የሚወጣም አለ። መሣሪያ ይዞ የሚሄድ ሰው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ዓባይ በረሃን ሲያቋርጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ይወጣል። በጣሪያ ላይ ያለ ጊታር በአንድ ቀን ደጋውንም ቆላውንም ይቀምሳል፣ ፀሐዩንም ያለ ጥላ ይጠጣል። ከእናንተ ጋር ውስጥ ይግባ፤ ክሮቹም ትንሽ ላላ ይበሉ። ስትደርሱ ሳጥኑን ወዲያው አትክፈቱት። ጥቂት ሰዓት ጥላ ሥር አቆዩትና አዲሱን አየር ቀስ ብሎ ይልመድ።

የተሰነጠቀው ጊታራችንስ? ተስፋው አልተቆረጠም። አስተማሪያችን ክሮቹን አላልተው ከስፖንጅ ጋር በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አቆዩት። በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ስንጥቁ ጠበበ፣ በመጨረሻም ዓይን የማያየው ክር ሆነ። ቶሎ ብሎ በማጣበቂያ መሙላት ስህተት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን። ክፍት እያለ ቢሞላ ኖሮ ክረምት ላይ እንጨቱ ሲያብጥ ቦታ አጥቶ በሌላ በኩል ይሰነጠቅ ነበር። ከተገጠመ በኋላ አንድ የእንጨት ባለሙያ በውስጥ በኩል ትንሽ ማጠናከሪያ ለጠፈበት። ጠባሳው ይታያል፤ ድምፁ ግን ተመልሷል።

አሁን የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። በሙዚቃ ክፍሉ በር ላይ የተራ መዝገብ ተሰቅሏል። በየሦስት ቀኑ አንድ ሰው ስፖንጁን ያይና ስሙን ይጽፋል። የመጀመሪያውን ሳምንት የወሰደው ያው ጊታሩን ፀሐይ ያሞቀው ጓደኛችን ነው። ሁለተኛውን ሳምንት ማን ይወስዳል?