የእስር ቤቱ ሳል
ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1988 በፖልስሙር እስር ቤት ሳሉ በሳንባ ነቀርሳ ታመሙ። በጊዜ ስለተደረሰበት ታክመው ዳኑ። ስሙ ያልታወቀውስ እስረኛ? በተጨናነቀና አየር በማያገኝ ክፍል አንዱ ሲያስል ተህዋሲያኑ በአየር ተንሳፈው ከጎኑ ለተኛው ይደርሳሉ። ስለዚህ አዲስ ገቢ ሁሉ ሊመረመር፣ የታመመው ለጊዜው ተለይቶ ሊታከም፣ መስኮትም ሊከፈት ይገባል። መስኮት መክፈት መቼም ወጪ የለውም!

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን መድኃኒት ማቋረጥ ነው። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በ2ኛው ወር ተሽሎት የተፈታ ሰው ኪኒኑን ከተወ በሽታው ሊያገረሽበት፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። እናም ውድ ቤተሰቦች፣ የተፈታ ዘመዳችሁን «እንኳን አላህ ለቤትህ አበቃህ» ስትሉት የሕክምና ካርዱንም ጠይቁት፤ በማግሥቱም ጤና ጣቢያ ውሰዱት።