ጽዋ ማኅበር በቃሊቲ፤ እንግዳ ሰው እንዴት ማኅበርተኛ እንደሚሆን

ማኅበር የሚለው ቃል ኀብረ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ግሡም አንድ ሆነ፣ ተባበረ ማለት ነው። ጽዋ ማኅበር በአንድ ቅዱስ ወይም በአንድ በዓል ስም ተመሥርቶ፣ በየወሩ በመታሰቢያው ዕለት በአባላቱ ቤት በተራ የሚሰበሰብ ትንሽ የምእመናን ጉባኤ ነው። የሚካኤል በ12፣ የገብርኤል በ19፣ የማርያም በ21፣ የመድኃኔ ዓለም በ27 ይውላል። ሰንበቴ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በእሑድ ቀን የሚደረግ፣ ዕድርም ዋና ሥራው ቀብርና ለቅሶ ስለ ሆነ፣ ጽዋ ማኅበር ከሁለቱም ይለያል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ጉባኤ ዘመድ የሌለውን ሰው በምን አኳኋን ባለ ወገን እንደሚያደርገው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ቃሊቲ ተስማሚ ምሳሌ ይሆናል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በአቃቂ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያም በኋላ የኦሮሞ ገበሬዎች ሲያርሱት በኖሩት በዚህ ሜዳ ላይ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች እየተሠሩ ሲሄዱ፣ ሥራ ፈላጊው ከየአገሩ ይመጣ ጀመር። ይህ ሰው በትውልድ መንደሩ ሳለ አጥቢያው፣ ዘመዱና መሬቱ በአንድ ስፍራ ነበሩ። እዚህ ግን በኪራይ ቤት ይኖራል፤ ጎረቤቱም እንደ እርሱ ካገሩ የወጣ ነው። እሑድ ሊያስቀድስ ይችላል፤ ነገር ግን ከሚያስቀድሰው ሕዝብ መካከል ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ ላይኖር ይችላል።

እንዲህ ያለው ሰው ወደ ማኅበሩ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አባል ጋብዞት ነው። በዕለቱ ካህኑ ይጸልያል፤ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ጠላው ይቀዳል፤ ሙሴ የተባለው የማኅበሩ አለቃ ሥርዓቱን ይጠብቃል። በመጨረሻም የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። የነገሩ ቁልፍ ከዚህ ላይ ነው። የበላና የጠጣ ሁሉ ማኅበርተኛ አይባልም፤ እንግዳው በእውነት ማኅበርተኛ የሚሆነው ጽዋውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ የገባ ዕለት ነው። ያች ጠባብ የኪራይ ክፍል ለአንድ ቀን የጸሎት ቤት ትሆናለች፤ ሲበላ የነበረውም አብይ ይሆናል።

ፈረንሳዊው ሊቅ ማርሴል ሞስ በ1925 እ.ኤ.አ. ስለ ስጦታ ባሳተመው ጥናት መስጠት፣ መቀበልና ብድር መመለስ ሦስቱ ግዴታዎች መሆናቸውን አስረድቷል። በጽዋ ማኅበር ግን ብድሩ የሚመለሰው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመላው ጉባኤ ነው። ስለዚህ ድኻው የማንም ባለዕዳ ሳይሆን ይኖራል። እምነትም በዚሁ መንገድ ይጸናል፤ ሰውየው አስቀድሞ ተራውን ይቀበላል፤ ጸሎቱን፣ ጾሙንና ምጽዋቱን ከተራው ጋራ ይማራል።

የትንሽ ጉባኤ ኃይል በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ብቻ የሚታይ አይደለም። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ስትዘጋ ምእመናኗ 5,000 ያህል ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ በስውር ይሰበሰቡ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ወደ አደባባይ ሲወጡ ግን ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ትምህርታቸውም ሥርዓታቸውም ከጽዋ ማኅበር የተለየ ነው። ሆኖም በሁለቱም ዘንድ ቤት መቅደስን ይተካል፤ ቍጥሩም ትንሽ ስለ ሆነ የቀረ ሰው ወዲያው ይታወቃል፣ ይጠየቃልም። ላገሩ ባዳ ለሆነ ሰው መፈለግን የመሰለ የወገን ምልክት የለም።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ የሚፈራለት ነገር አለ። ዳቦና ጠላ ይበቃ በነበረበት ወጥና ሥጋ፣ ቢራም ሲጨመርበት፣ ተራ መያዝ ለባለጸጋ ክብር፣ ለቀን ሠራተኛ ግን ጭንቅ ይሆናል። አቅም ያነሰው ሰው ተራው ሳይደርስ ሰበብ ፈጥሮ ይቀራል፤ ማኅበሩም እጅግ የሚያስፈልገውን ሰው ያጣል። ስለዚህ ድግሱን በልክ ማድረግ የገንዘብ ቍጠባ ብቻ አይደለም። ጽዋው በድኻው ቤት ማደር የሚችል እስከ ሆነ ድረስ ማኅበሩ ማኅበር ነው፤ ያን ካልቻለ ግን የወዳጆች ግብዣ ሆኖ ይቀራል።