ለጀማሪ ካሊ የምታስጭኑ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ!

ዛሬ እዚህ ድሬዳዋ፣ መጋላ ወዳለው የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቄ አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «ሊኑክስ ጭኜ ዋይፋዩ ጠፋ» አለኝ። ከፈትኩት፤ ካሊ! የመመረቂያ ጽሑፉ የነበረበት ዊንዶውስ ከነፋይሉ ተጠርጓል። ማን ጫን አለህ ስለው የቴሌግራም ቻናል አሳየኝ። አቦ፣ ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ካሊ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ የታሰበው ለደህንነት ባለሙያ ነው፤ ፈቃድ ይዞ የድርጅት ኔትወርክ ለሚፈትሽ። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው «ሊኑክስ ለማያውቅ አንመክርም» የሚል ሐሳብ መመሪያቸው ላይ አስፍረዋል። የኛ ቻናሎች ግን የካሊን የዘንዶ አርማ ለጥፈው «ሃከር ሁኑ» ይላሉ። ካሊ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች እኮ አብዛኞቹ እንደ ኡቡንቱ ባለ ተራ ሊኑክስ ላይም ይጫናሉ! ዘንዶ ያለበት ስክሪን ሃከር የሚያደርግ ቢሆን እኔ ሱቅ ውስጥ አቧራ ስጠርግ አልውልም ነበር።

ሊኑክስ አትጠቀሙ ማለቴ ግን አይደለም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛ ትውልድ በፊት ያለውን አብዛኛውን ኢንቴል በደንቡ አይቀበልም። ስለዚህ እዚሁ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ የገዛ ሰው ወደ ሊኑክስ ቢመጣ ደስ ይለኛል። አመጣጡ ግን እንዲህ ነው፦

1. ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ።

2. ሊኑክስ ሚንት አውርዱ። ራማችሁ 4 ጊጋ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ፣ 8 ከሆነ ሲናመን የሚባለውን። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ለናንተ ገና ነው።

3. ያወረዳችሁትን ፍላሽ ላይ ጽፋችሁ በፍላሹ ቡት ካደረጋችሁ በኋላ ቶሎ አትጫኑት። ከፍላሹ ላይ እንዳለ ይሠራል፤ ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራ እዚያው ሞክሩ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዋይፋይ እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ ብሮድኮም ቺፕ ስላለበት ነው። ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ የስልኩን ኢንተርኔት አጋሩት፤ ድራይቨር ማናጀር የጎደለውን ይፈልግላችኋል።

4. አማርኛ መጻፊያውስ? ኪይማን ሊኑክስ ላይም አለ። ጣጣው ሌላ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬም ግን በድሮ ፎንት የሚጽፉ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ደብዳቤያቸውን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቱት የላቲን ምልክት ይዘረገፋል፣ ከዚያ «ሊኑክስ ፊደል አበላሸ» ይባላል። ዊንዶውስ ላይም ፎንቱ ከሌለ ያው ነው እኮ! ንገራቸው ብትሉኝ ነግሬያለሁ፤ «ሁሌም የምንሠራው እንዲህ ነው» ነው መልሱ።

ፒችትሪ የምትጠቀሙ ሒሳብ ሠራተኞች ግን ዊንዶውሳችሁን አትንኩ። ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው፤ «የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው በዋይን ይሠራል» የሚላችሁን ሰው ሒሳብ በሚዘጋበት ሰኔ 30 ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም።