የጭቃው ፈረስና የዕርቅ ትምህርት

ከእንጅባራ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ክረምቱ አልፎ መሬቱ ገና ርጥበቱን ባልተወበት በመስከረም ወራት፣ ከብት የሚጠብቁ ሕፃናት ከወንዝ ዳር ጭቃ እየዛቁ በሬና ፈረስ ሲሠሩ ማየት የተለመደ ነው፤ ይልቁንም ፈረስ፣ ምክንያቱም በአዊ ምድር ፈረስ የአራሹም፣ የሙሽራውም፣ የለቀስተኛውም ባልንጀራ ስለ ሆነ፣ ሕፃኑ አፉን ሳይፈታ ጀምሮ የሚያውቀው እንስሳ ነው። እንግዲህ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ጆሮውንና ጋማውን በጣቱ እየቀረጸ የሠራውን ፈረስ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ሲጠባበቅ፣ የአጎቱ ልጅ እየሮጠ መጥቶ ቢረግጥበት ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን፦ ለቅሶ፣ ድንጋይ ማንሣት፣ ከዚያም የታላቅ ሰው ትእዛዝ። «በሉ ታረቁ! ተሳሳሙ!» ይባላሉ፤ ይሳሳማሉም፤ ነገር ግን ጉንጭ ከጉንጭ ሲነካካ ዓይናቸው ወደ መሬት፣ እጃቸው ወደ ኋላ መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ ዕርቁ የተፈጸመው በአስታራቂው ፊት እንጂ በልጆቹ ልብ ውስጥ አለመሆኑ አይሰወረውም።

የበደሉንን ሰዎች በምሕረት ዓይን መመልከትን ለሕፃናት እንዴት ማስተማር ይቻላል የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዘመን የካህናትና የወላጆች ጥያቄ ሆኖ ኖሯል። ካለፈው መቶ ዓመት ወዲህ ግን የሥነ ልቡና ሊቃውንት በሙከራና በመስፈሪያ እየመረመሩ ገብተውበታል፤ ያገኙትም ነገር ሽማግሌዎቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲፈጽሙት ከኖሩት ሥርዓት ጋር በብዙ መግጠሙ፣ ከዚያም አልፎ ለታላላቆች የምንጠነቀቅለትን ያንን ሥርዓት ከገዛ ልጆቻችን መንፈጋችንን መግለጡ፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ አስገድዶኛል።

በአሜሪካ በቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ማሪሳ ድሬልና ቪክራም ጃስዋል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት የጭቃውን ፈረስ ታሪክ በሌላ መልክ የደገመ ያህል ነው። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች የፕላስቲክ ኩባያዎችን እየደረደሩ ግንብ እንዲሠሩ ተደረገ፤ ግንቡም ሊፈጸም ሲል አጠገባቸው ያለችው ታላቅ ሰው፣ እንደ ድንገት አስመስላ፣ አፈረሰችባቸው። ከዚያ በኋላ ከልጆቹ ከፊሎቹ የይቅርታ ቃል ሰሙ፤ ከፊሎቹ ምንም ሳይባሉ ቀሩ፤ ከፊሎቹን ደግሞ ያፈረሰችው ሴት ግንቡን መልሰው እንዲሠሩ አገዘቻቸው። ልጆች አስቀድመው ሲጠየቁ የይቅርታ ቃል ሐዘናቸውን እንደሚያቀልላቸው ይናገሩ ነበር፤ ነገሩ በእውነት በደረሰባቸው ጊዜ ግን ቃሉን የሰሙት ልጆች ምንም ካልሰሙት ባልተናነሰ አዘኑ፤ ልባቸው የተጽናናው ግንቡን ለመጠገን የሚረዳ እጅ ያገኙት ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት የይቅርታ ቃል ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ቃሉ የሻከረውን ወዳጅነት ያለሰልሳል፤ የፈረሰውን ግን አይሠራም፤ ሕፃኑም ይህን ልዩነት ከእኛ ይልቅ አጥርቶ ያውቀዋል።

ተመራማሪዎቹ ያገኙት ይህ ነገር በእኛ አገር ጥንታዊ ስም አለው፤ ካሣ ይባላል። በአዊ፣ እንደ ሌላውም የጎጃም አገር፣ ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሽማግሌ መካከል ሲገባ፣ የመጀመሪያው ቃል «ይቅር በለው» አይደለም። አስቀድሞ የተበዳዩ ቃል ለብቻው፣ የበዳዩም ለብቻው ይሰማል፤ በደሉ በስሙ ተጠርቶ ይታመናል፤ ካሣው ይቆረጣል፤ ዋስ ይጠራል፤ ነገሩ የከበደ እንደ ሆነም በዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር ይወድቃል። ተበዳዩም «አይሆንም» የማለት መብት አለው። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ይለምኑታል፣ እምቢ ሲላቸው ይመለሳሉ፣ በሌላ ቀን ደግመው ይመጣሉ፤ ይህ ምልልስ ለሚጣደፍ ሰው ዕድሜ መፍጀት መስሎ ይታየው ይሆናል፣ ለእኔ ግን ከሥርዓቱ ሁሉ ጥበብ የመላበት ክፍል እርሱ ነው፣ ምክንያቱም ቁጣው እስኪበርድና ምሕረቱ ከተበዳዩ ከገዛ ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ መታገሥ ማለት፣ የተጎዳውን ሰው ማክበር ማለት ነውና። «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው ቃል የሚሰማው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ በእንጅባራ ሜዳ በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም የዚሁ ሥርዓት ባለቤት ነው። የዓድዋን ድልና የዘመቱትን ፈረሶች ለመዘከር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር በሩቅ አገር ሰው ዘንድ የሚታወቀው በሽምጥ ግልቢያውና በተሸለሙት ፈረሶቹ ነው፤ በአባላቱና በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ግን የተጣሉትን በማስታረቅ ሥራውም የታወቀ ነው። ሕፃናቱ ግን ከዚህ ሁሉ የሚያዩት ግልቢያውን ነው። ዕርቁ በሚደረግበት ሰዓት «ሂዱ፣ ከብቱን እዩ» ተብለው ይሰደዳሉ።

ይህ መሰደድ ምን ያህል ጉዳት እንዳለው የሚያስረዳ አንድ አስደናቂ ሙከራ አለ። ፍራንስ ደ ቫል የተባለው የኔዘርላንድ ተወላጅ የእንስሳት ጠባይ ሊቅ፣ ቺምፓንዚዎች ከተጣሉ በኋላ እየተፈላለጉ እንደሚተቃቀፉና እንደሚሳሳሙ እ.ኤ.አ. በ1979 ከባልደረባው ጋር ጽፎ ነበር። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ ዲኒስ ዮሃኖዊችና እርሱ ያሳተሙት ጥናት ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር ገለጠ። ሬሰስ የሚባሉት ጦጣዎች ቁጡዎችና ዕርቅ የማይወዱ ናቸው፤ ጅራተ አጭር የሆኑት ዘመዶቻቸው ደግሞ ገሮችና ፈጥነው የሚታረቁ ናቸው። ተመራማሪዎቹ የሬሰስ ግልገሎችን ወስደው ከእነዚህ ገሮች ጋር አምስት ወር ያህል በአንድነት አኖሯቸው። የሬሰሶቹ የመታረቅ ልማድ ሦስት እጥፍ ያህል ጨመረ፤ ከዚህም የሚያስደንቀው፣ ከገሮቹ ተለይተው ብቻቸውን ከሆኑ በኋላ እንኳ ልማዱ አልጠፋባቸውም። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልሰበከላቸውም፤ ዕርቅን ከሚያውቁ ጋር ኖሩ እንጂ። እንስሳ ከማየት ብቻ ይህን ያህል ከተማረ፣ ዕርቅ በተደረገ ቁጥር ከደጅ የምናስወጣው የሰው ልጅ ከምን ይማር?

እርግጥ ነው፣ ሕፃን የሚያየውን ሁሉ በአንድ ዕድሜ አይረዳም። የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ስለ ሕፃናት የግብረ ገብ ፍርድ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ትንንሽ ልጆች ሳያውቅ ዐሥራ አምስት ስኒ የሰበረውን ልጅ፣ ማርማላታ ሊሰርቅ ሲንጠራራ አንድ ስኒ ከሰበረው ይልቅ ጥፋተኛ ያደርጉታል፤ የሚመዝኑት የደረሰውን ጉዳት ነውና፣ የኅሊናን አሳብ መመዘን የሚመጣው ከዕድሜ ጋር ነው። አምሪሻ ቫይሽና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ የአምስት ዓመት ልጆች በዳዩ በግልጽ ይቅርታ ሳይጠይቅ የሚያሳየውን ጸጸት ብቻ አይተው፣ የተጸጸተውን ካልተጸጸተው ለይተው ሲመርጡትና ከሚያድሉት ነገርም አብልጠው ሲሰጡት ተገኝተዋል፤ የአራት ዓመቶቹ ግን ልዩነቱን የተረዱት በዳዩ በግልጽ ይቅርታ ሲጠይቅ ብቻ ነው። ስለዚህ የአራት ዓመት ልጅ «እንዴት አዝኖ እያየህ አይገባህም?» ተብሎ መገሠጽ የለበትም፤ ያልተነገረ ጸጸትን ማንበብ ገና አልደረሰበትም። አጥፊው አፍ አውጥቶ ይቅርታ ይጠይቀው።

ቋንቋችንም በዚህ ጉዳይ የሚያስተምረን ነገር አለ። «ይቅር» የምንለው ቃል የወጣው «ቀረ» ከሚለው ግስ ነው፤ ልከፍልህ የሚገባኝ ክፉ ብድር ይቅር፣ ወደ ፊት አይምጣ ማለት ነው፤ በደሉ አልነበረም ወይም አላመመኝም ማለት ግን አይደለም። ልጅን «ምንም አልሆንህም፣ ተወው» የሚል ወላጅ ይህን ያፋልሳል፤ ሕመሙን የካደበትን ልጅ የሌላው ሕመም እንዲሰማው ሊጠይቀው አይችልም። የሚቀረው ብድሩ ነው፤ ብድሩም ሳይቀር ሲከርም ስሙ ቂም ይባላል።

ቂምም በልብ ብቻ የሚቀመጥ ነገር አለመሆኑን እ.ኤ.አ. በ2001 ሻርሎት ዊትቭሊት በአሜሪካ በሚገኘው ሆፕ ኮሌጅ በ71 ተማሪዎች ላይ ያደረገችው ምርመራ አሳይቷል። ተማሪዎቹ የበደላቸውን ሰው እያሰቡ ቂማቸውን ሲያስታምሙ የልባቸው ትርታ ፈጠነ፣ የደማቸው ግፊት ጨመረ፣ እጃቸው አላበ፣ ግንባራቸው ተኮሳተረ፤ ያንኑ ሰው በርኅራኄ ወይም በይቅርታ አሳብ ሲያዩት ግን ሰውነታቸው ረገበ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት አበው ነገሩን ያገኙት ያለ መሣሪያ ነው። በሕፃን ዘንድ ደግሞ ይህ እሳት የበለጠ ይፋጃል፤ የቁጣን ደወል የሚደውለው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ገና በሕፃንነት ሥራውን ሲጀምር፣ ደወሉን ሰምቶ «ቆይ፣ እስቲ እናስብ» የሚለው ከግንባር በስተ ኋላ ያለው ክፍል ብስለቱን የሚፈጽመው ሰው ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነውና። የሰባት ዓመቱን ልጅ በቁጣው ሰዓት ይቅር እንዲል ማዘዝ፣ ያልበቀለ እህል አጭዶ እንዲያመጣ እንደ ማዘዝ ነው።

በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ሮበርት ኤንራይት ከሁሉ ቀድሞ ይህን ጥናት በሥርዓት የያዘ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ሰው ስለ ይቅርታ ያለው አስተያየት በስድስት ደረጃ እንደሚያድግ አመለከተ፤ የመጀመሪያው «ከተበቀልሁ በኋላ ይቅር እላለሁ» የሚለው፣ ሁለተኛው «የወሰደብኝን ከመለሰልኝ» የሚለው ነው፤ የመጨረሻው ያለ ምንም ዋጋ፣ ስለ ፍቅር ብቻ የሚሰጠው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮም የሃይማኖት ወገኖች ለብዙ ዘመን ደም በተፋሰሱባት በሰሜን አየርላንዷ በቤልፋስት ከተማ መምህራን ለትንንሽ ልጆች ይህን ትምህርት እንዲሰጡ አደረገ። ትምህርቱ የሚጀምረው ከይቅርታ አይደለም። በተረት በኩል ነው የሚጀምረው፤ ልጆቹ በተረቱ ውስጥ ያለው ታናሽም፣ ክፉም፣ ባዕድም የማይቀነስ ክብር እንዳለው ካስተዋሉ በኋላ ብቻ ወደ ራሳቸው ቁስል ይመለሳሉ። ተረትማ በዳንግላም በእንጅባራም በምድጃ ዙሪያ ሞልቶ ነበር፤ አያቶች ከእነተረታቸው እያሉ ለልጆቻችን ጊዜ ያጣንላቸው እኛ ነን።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ልጅን ያቆሰለ ታላቅ ሰው፣ የደፈረ፣ ያሰቃየ፣ በሽማግሌ ዕርቅ ተሸፋፍኖ ሊያልፍ አይገባውም፤ ልጁም እንዲህ ካለው ሰው ጋር እንዲታረቅ ፈጽሞ አይገደድም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት ልጅ የጠለፈ ሰው በሕግ ካገባት ከቅጣት እንዲያመልጥ ይፈቅድ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን አንቀጽ ሰርዞታል። በዕርቅ ስም የስንት ልጅ እንባ እንደ ታፈነ ይህ ስረዛ ራሱ ምስክር ነው። ምሕረት የልብ ሥራ ነው፣ በጊዜው ይመጣ ይሆናል፤ ፍርድ ደግሞ የዳኛ ሥራ ነው፣ ልጅን ከጉዳት መጠበቅም የወላጅ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ ሊወስድ አይችልም።

ሕፃናት የማይሰደዱበት የዕርቅ ሥርዓትም አለ፤ በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ሲያውጅ ምእመናን ወደ ጎረቤታቸው ዞረው እጅ የሚነሳሡበት ሰዓት አለ። በፍልሰታ ጾም ወራት ሕፃናት ቤተ ክርስቲያኑን ሞልተው ሲቆሙ ይህን ያያሉ፤ እናታቸው ካኮረፈቻት ጎረቤት ጋር በዚያ ሰዓት ዓይን ለዓይን ስትገናኝ፣ ወይም ሳትገናኝ ስትቀር፣ ያንንም ያያሉ።

ወደ ጭቃው ፈረስ እንመለስ። አጎት ወይም እናት ወይም አያ የሚባለው ታላቅ ወንድም በዚያ ሜዳ ላይ ሽማግሌ ሆኖ ይቀመጥ፤ ፈረሱ የፈረሰበትን «ምን ሆንህ፣ ልጄ?» ብሎ ይጠይቀውና እስኪጨርስ ይስማው፤ ከዚያም ያኛውን ይስማ። የረገጠው ልጅ ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናገር፣ ወደ ወንዙም ወርዶ ጭቃ ይዞ ይምጣ፤ የሚሠራው ጆሮ ጠማማ ቢሆን፣ ጋማው ቢከብድ፣ ባለቤቱ ያስተካክለዋል፤ በዚያ መካከል እጆቻቸው በአንድ ጭቃ ላይ ይገናኛሉ። ባለቤቱ በዚያው ምሽት «ገና ነኝ» ቢል ይተውለት፣ ሽማግሌ እምቢታን ሰምቶ የሚመለስበት ሥርዓት ለእርሱም ይጠበቅለት፤ ነገ ከከብቶቹ ጋር ሲወጡ እንደገና ይጠየቃል። ፈረሱም ቢሆን ገና ርጥብ ነው፤ በመስከረም ፀሐይ እንኳ እስኪደርቅ ቀናት ይፈጅበታል።