የጥጉ ዴስክቶፕና የተናቀው ገመድ

ዴስክቶፕ ኮምፒውተርን ከኢንተርኔት ማገናኘት ከባድ አይደለም። ከውጭ የሚመጣው መስመር ሞደም ላይ ይሰካል፤ ሞደሙ ከራውተሩ፣ ራውተሩ ከኮምፒውተሩ ይያያዛል። ዛሬ ብዙ ጊዜ ሞደሙና ራውተሩ በአንድ ሳጥን ይመጣሉ። ሳጥኑን አስቀድማችሁ አብሩት፤ መብራቶቹ ሲረጉ ኮምፒውተሩን አስነሱ። ኮምፒውተሩ በኔትዎርኩ የሚታወቅበትን አድራሻ ራውተሩ ራሱ ይሰጠዋል። አለቀ።

የማያልቀው የገመዱ ነገር ነው። በሎስ አንጀለሱ የቫን ናይስ ሰፈር በማውቃቸው የአበሻ ቤቶች ዴስክቶፑ ጥግ ይዞ ዓመት እስከ ዓመት አይነቃነቅም፤ የሚሠራው ግን በዋይፋይ ነው። ለምን? ዋይፋይ እኮ አብሮን ለሚዞር ስልክ ነው! አንዲት እናት አዲስ አበባ ካሉት እህታቸው ጋር በቪዲዮ ሲጫወቱ ምስሉ ድርቅ አለ። «ምን ይደረግ፣ የአገር ቤት ኔትዎርክ!» አሉ። ራውተሩ አጠገብ ግን ማይክሮዌቩ ወጥ እያሞቀ ነበር። እሱም ሆነ የቆየው ዋይፋይ 2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ስለሚሠሩ ይረባበሻሉ። የአገር ቤት ኔትዎርክ ንጹሕ ነው አልልም፤ ሳሎናችንን ሳንፈትሽ አዲስ አበባን መክሰስ ግን ነውር ነው።

በእርግጥ ጥፋቱ ከወዲያ ማዶ የሆነበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1969፣ ከቫን ናይስ ተራራውን ተሻግሮ ካለው ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ፣ የኢንተርኔት አባት በሆነው አርፓኔት የመጀመሪያው መልእክት ሲላክ፣ ሁለት ፊደል እንደደረሰ በሰሜን ካሊፎርኒያ የነበረው ተቀባይ ማሽን ሥራ አቆመ።

ወደ ገመዱ እንመለስ። ዴስክቶፑን ከራውተሩ የሚያገናኘው የኢተርኔት ገመድ ቢላጥ 8 ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ይወጣሉ፤ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማው እያንዳንዳቸው ነጭ ከተቀላቀለበት ጓደኛቸው ጋር እንደ ሹሩባ ተገምደው። ለጌጥ አይደለም። የአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች ያንኑ ምልክት አንዱ እንዳለ፣ ሌላው ገልብጦ ይሸከማሉ። ስለተጠማዘዙ የውጭ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ይነካቸዋል፤ ተቀባዩ የሚያነበው ልዩነታቸውን ብቻ ነውና ረብሻው ይጣፋል። አራቱ ጥንዶች እርስ በርስ እንዳይረባበሹም የአንዱ ጥምዝ ከሌላው ይጠብቃል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ይህን ብልሃት ለስልክ መስመር ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ዛሬ «ካት 5ኢ» የተባለው ተራ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት ያደርሳል።

እንዲህ ያለውን ነገር በር እየዘጉበት መጨፍለቅ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ምላስ ሳይጫኑ መንጭቆ መንቀል ደግ አይደለም። ራውተሩ ሌላ ክፍል ነው አትበሉኝ። በግድግዳው ጥግ የሚያልፍ ረዘም ያለ ገመድ የአበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት የፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከሚበላ አንድ በያይነቱ ብዙ አይበልጥም።