ከዋክብት በጠፉባት ከተማ ሥነ ፈለክን መማር

በካይሮ ማታ ሰገነት ላይ ወጥቶ ከዋክብት የሚቆጥር ሰው ድካሙ ቶሎ ያልቃል። የመብራቱ ብዛትና ከበረሃው የሚነሳው አቧራ ደማቆቹን ብቻ ያስቀሩለታል። ይሁንና የካይሮና የአል አዝሃር ዩኒቨርሲቲዎች ሥነ ፈለክን እስካሁን ያስተምራሉ። ሰማዩ ሳይታይ ምኑን ያስተምሩታል? ለሚለው ጥያቄ መልሱ፣ ተመራማሪው የሚፈልገውን ሰማይና ጀማሪው የሚፈልገውን ሰማይ ለይቶ ከማየት የሚመጣ ይመስለኛል።

ተመራማሪው ያለ ጨለማ አይሆንለትም። እ.ኤ.አ. በ1903 ከከተማዋ በስተደቡብ በሄልዋን የተቋቋመው የምልከታ ማዕከል የሃሌይን ጅራታም ኮከብ በ1909 ፎቶ ያነሳው፣ የጀርመኑ ማክስ ዎልፍ መምጣቱን ለዓለም ከማብሰሩ ቀደም ብሎ ነበር፤ ፎቶው ውስጥ መኖሩ የታወቀው ግን በኋላ ነው። ቆይቶ ብረታ ብረትና ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ሄልዋንን ከበቧት። 1.88 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ በስዊዝ አቅጣጫ ባለው በቆታሚያ በረሃ ተተክሎ በ1964 ሥራ ጀመረ። አሁን ደግሞ አዲሱ የአስተዳደር ዋና ከተማ በዚያው በምሥራቅ በኩል እየሰፋ ነው። ቴሌስኮፑ ይሸሻል፣ መብራቱ ይከተላል። የእንጦጦ ሁለት ቴሌስኮፖችም ከአዲስ አበባ መብራት አናት ላይ እንደተቀመጡ ልብ ይሏል።

ለጀማሪው ግን ፀሐይ ትበቃዋለች፤ እሷን ደግሞ የከተማ መብራት አይጋርዳትም። ኤራቶስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የምድርን ዙሪያ የለካው በእስክንድርያና በአስዋን መካከል ባለው የጥላ ልዩነት ነው። የካይሮ ተማሪም ይህንኑ መድገም ይችላል። ሰኔ 14 ቀን እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ሜትር ዘንግ በካይሮ 11.6 ሴንቲ ሜትር፣ በአስዋን 1.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። ልዩነቱ ወደ ማዕዘን ሲለወጥ 6 ዲግሪ ይሆናል፤ የክብ 60ኛ እጅ ማለት ነው። ሁለቱ ከተሞች ከሰሜን ወደ ደቡብ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ፣ ይህ በ60 ሲባዛ 39,600 ይመጣል፤ ትክክለኛው 40,000 ገደማ ነው። ካይሮ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኢብን ዩኑስ በዚህችው ከተማ የ977ንና የ978ን የፀሐይ ግርዶሾች የመዘገበው ቴሌስኮፕ ሊፈጠር ከ600 ዓመት በላይ ሲቀረው ነበር። ግርዶሹ ሲጀምርና ሲያበቃ ፀሐይ የነበረችበትን ከፍታ ጽፎ ስላቆየ፣ የዘመናችን ሊቃውንት የምድር ሽክርክሪት እየዘገየ መሆኑን ሲያሰሉ እንዲህ ያሉ መዛግብትን ተጠቅመዋል።

ፍኖተ ሐሊብን ያላየ ተማሪ ምን ሥነ ፈለክ ተማረ ይባላል? የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ አንድ ሌሊት በረሃ ማደር የትምህርቱ አካል ቢሆን እኔም እደግፋለሁ። ሆኖም በማያ ገጽ የሚታየው ያማረ የጋላክሲ ፎቶ ተማሪውን የሚያስተምረው ሌሎች ያዩትን ማመን ነው። ለእንጀራ አይሆንም የሚለውስ? የረመዳን ጨረቃና ወደ ኢትዮጵያም የተሻገረው፣ ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ የሰዎችን ጾምና በዓል የሚወስኑት በሰማይ አካላት ዑደት ነው።

ከማያ ገጹ ፎቶ በተለየ፣ ጥላ የራስን ስሕተት ያሳያል። ካይሮ ላይ በአንድ ሴንቲ ሜትር አብልጦ የለካ ተማሪ ከምድር ዙሪያ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጎድልበታል። ማስመሪያውን ይዞ ተመልሶ ሲያጎነብስ የጥላው ጫፍ ስለት እንደሌለው፣ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ ስፋት እየደበዘዘ እንደሚጠፋ ያያል። ፀሐይ ነጥብ አለመሆኗን፣ በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ የምትሸፍን ክብ መሆኗን የሚለካው ከዚያው ድብዛዜ ነው።