የላይ ሰፈር ዝናብ፣ የታች ሰፈር ጎርፍ

ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ የአላሙራ ተራራ ጠቁሮ ሲያጉረመርም የሀዋሳ ሰው ልብሱን ከገመድ ያወርዳል፣ ልጁን ከመንገድ ይጠራል፤ ባለሱቁም ደጅ የዘረጋውን ዕቃ ያስገባል። የብዙዎቻችን ዝግጅት እዚህ ላይ ያበቃል። ውሃው ከግቢያችን ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔም የጠየቅሁት፣ አንድ ክረምት ከላይ የወረደ ጎርፍ የጎረቤቴን ምንጣፍና የልጆቿን ደብተር ይዞ ከሄደ በኋላ ነው።

መልሱን ለማግኘት ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን ማየት ይበቃል። ሀዋሳ የተቀመጠችው ጥንት እሳተ ገሞራ ሲሰምጥ በተፈጠረ ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ ሳህን ብንለው ያስኬዳል። በምሥራቅ በወንዶ ገነት በኩል ያሉት ተራሮች የሳህኑ ጠርዝ ናቸው፣ በስተምዕራብ ያለው ሐይቅ ደግሞ ወለሉ። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሰፋው ከዚህ ሐይቅ የሚወጣ አንድም ወንዝ የለም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ነው። የገባው ውሃ በፀሐይ ይተንናል፣ የቀረውም በምድር ውስጥ ይሰርጋል። እንደ እሱ መውጫ ያጡት አብያታና ሻላ ጨዋማ ሲሆኑ የኛ ሐይቅ ውሃ ሳይመር የኖረው በዚህ ስርገት ምክንያት ነው፤ አሞራ ገደል ላይ የምንበላው ዓሣም የዚሁ በረከት ነው።

እንግዲህ ከሰፈራችን ታጥቦ የሚሄድ ነገር ሁሉ ማረፊያው ሐይቁ ነው። ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ጨለለቃ ከሃምሳ ዓመት በፊት ውሃ ያቋረ ሐይቅ ነበር፤ ከደጋው የሚወርደው አፈር እየሞላው ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ረግረጉ ደለሉን ይዞ ያስቀርልን ነበር። እሱ በሞላ መጠን ደለሉ ወደ ዋናው ሐይቅ ይቀርባል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሐይቁ ውሃ ከፍ ብሎ ዳርቻውን ሲያጥለቀልቅ የነበሩ ሰዎች ከላይ የሚወርደው ሁሉ ማረፊያው ሐይቁ መሆኑን ለመረዳት ካርታ አያስፈልጋቸውም።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 40 ሚሊ ሜትር የሚሆን ከባድ ዝናብ 200 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ 8,000 ሊትር ያፈሳል፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል 40 ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። ግቢው እንሰትና ሣር በነበረበት ጊዜ አብዛኛውን አፈሩ ይጠጣው ነበር። ዛሬ ቆርቆሮ፣ ሊሾና ኮብልስቶን ነው፤ ውሃው እንዳለ ወደ ዲቹ ይወርዳል። አንድ ዲች የሚጋሩ ሃያ ቤቶች 800 በርሜል ውሃ በአንድ ከሰዓት ይለቁበታል።

የኛ ሰፈር ዲች ስፋቱ ክንድ አይሞላም። በየበሩ ለመኪና መግቢያ ሲሚንቶ ተደፍቶበታል። ባለፈው ጊዜ ጎረምሶች በዲጅኖ አንዱን ክዳን ፈንቅለው ሲያነሱ አጎንብሼ አየሁ። ከሥር ያለው እንዲሁ የተጠራቀመ ቆሻሻ አይደለም፤ ሥርዓት ይዞ የተሠራ ግድብ ነው። መጀመሪያ የጫት ገረባ ተሻግሮ ተጋድሟል። ፌስታል እላዩ ላይ እንደ መጋረጃ ተወጥሯል። ሀይላንዶቹ መጋረጃውን ተደግፈው ቆመዋል። ከኋላቸው አሸዋ፣ ሁለት ስንዝር የሚሆን አሸዋ። ፈጥኖ የሚሄድ ውሃ አሸዋ ተሸክሞ ይሄዳል፤ የዘገየ ዕለት ያወርደዋል። ስለዚህ አንድ ፌስታል ውሃውን ቢያዘገየው ዲቹን የሚደፍነው አሸዋው ነው። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በምክር ቤት መጽደቁ ደግ ነገር ነው፤ ግን ግንባታ የጀመረ ሰው ከበሩ አራግፎ ለክረምቱ የሚተወው የአሸዋ ክምር፣ በኔ እይታ፣ ከፌስታሉ አይተናነስም።

ዲች እንጠርጋለን፣ ዘመቻም እንወጣለን። የወጣው ጭቃ ግን ከዲቹ ከንፈር ላይ ተቆልሎ ይቀራል። የሚጭነው ጋሪ ሳይመጣ ዝናቡ ይቀድመውና ተመልሶ ይገባል። የሰው ጉልበት በዚህ መልክ ሲባክን ማየት ያሳዝነኛል። ደግሞም ሀዋሳ ላይ ዝናቡ ሰኔን አይጠብቅም፤ በልጉ መጋቢት ላይ ይጀምራል። የካቲት ውስጥ ያልተጠረገ ዲች ክረምቱን የሚቀበለው ግማሹ ሞልቶ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ ወገኖቻችን በረዶ ሲጥል ሌላ ዓይነት ሥርዓት አላቸው። በረዶው ካቆመ በኋላ ባሉት 8 የቀን ብርሃን ሰዓታት ውስጥ ከደጁ ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ የባለንብረቱ ግዴታ ነው። ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ያሉባት ሚኒያፖሊስ ደግሞ የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ ስታውጅ ሦስት ቀን ይለያል፦ በመጀመሪያው ቀን ማታ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ዋና ዋና መንገዶች ላይ መኪና አይቆምም፤ በሁለተኛው ቀን በሌሎቹ መንገዶች ሙሉ ቁጥር ያላቸው ቤቶች ያሉበት ወገን ይለቀቃል፤ በሦስተኛው ጎዶሎው። እኔን የገረመኝ የመጥረጊያው ማሽን አልነበረም። ማስታወቂያው ለእያንዳንዱ ሰው የት፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ፣ ምን እንደሚያደርግ መናገሩ ነው።

በረዶ ግን በጣለበት ተቀምጦ ይጠብቃል። ጎርፍ አይጠብቅም፤ ዝናቡ የጣለበትና ውሃው የሚደርስበት ሰፈርም ይለያያል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድሬዳዋ የሆነው ይኸው ነው። ዝናቡ በብዛት የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነበር። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ በውድቅት ሞልቶ መጣና ከ200 በላይ ሰዎችን ከእንቅልፋቸው ወሰደ። ከላይ ያለ ሰው ውሃውን አይቷል፤ የታቹ አልሰማም።

የአየር ትንበያው ከባድ ዝናብ ለየትኛው ዞን እንደሚጠበቅ ይነግረናል፤ የኛ ዲች መቼ እንደሚሞላ ግን ሊነግረን አይችልም። የቴሌግራሙ ግሩፕ «ጎርፍ መጣ» ይላል፤ የት እንደሆነ አይልም፣ አንዳንዴም የሚዞረው ቪዲዮ የአምና ነው። እያንዳንዱን በር የሚያውቀው እድር ነው። ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ የትኛዋ እናት ልጆቿን ብቻዋን እንደምታሳድግ ጡሩምባ ነፊው ያውቃል። እድሩ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ በአንድ ጥሪ የሚወጣ ሰው አለው። ይህ ሁሉ ሞት እስኪመጣ ለምን ይጠብቃል? የላይ ሰፈር እድር ለታች ሰፈር እድር የሚደውልበት አንድ ቁጥር ቢኖር ብዙ ነገር ይለወጣል።

መልእክቱም ከየት መራቅ እንደሚገባ መንገር አለበት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ሲወርድ ሊያድኑ የሮጡ ጎረቤቶች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። በከተማም ጉልበት የደረሰ ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ ክዳኑ የተነሳ ዲች ደግሞ ከደፈረሰ ውሃ ሥር አይታይም።

በኛ መንደር አሁን የተጀመረ አንድ ነገር አለ። ከላይ፣ ሁለት ዲች የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ውሃው የቱቦውን አፍ ሲሞላ ለዚያች ጎረቤቴ ሚስኮል ያደርጉላታል። አንድ ጊዜ ከጠራ፣ ልጆቹ ደብተራቸውን ከመሬት ያነሳሉ። ሁለት ጊዜ ከጠራ ምንጣፉ ይጠቀለላል፣ ታላቁ ልጅም የቀጣዩን ቤት በር ሊያንኳኳ ይወጣል።